ሁሉም ደህና ነው፣ ብቻ ነይ

መካነ ሰላም አማርኛ አስተምር በነበርኩበት ዘመን፣ ክርክር የሚባለውን ነገር እንደ እኔ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በቦረና ምድር የለም ብዬ አምን ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም፣ ሚስት አላገባሁም፣ የሚያርመኝም ሰው አልነበረም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው በየትምህርት ቤቱ ክበብ ማቋቋም እንደ ፋሽን ተይዟል፤ እኔም የክርክር ክበቡ ኃላፊ ነበርኩ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን ሁለት ቦታ ከፍዬ «ከእሳትና ከውሃ ማን ይበልጣል?»፣ «ከከተማና ከገጠር የቱ ይሻላል?» እያልኩ አፋልማቸዋለሁ።

ዘወትር የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሲከራከር ያለውን ትታችሁ ያላለውን ፈልጉ። «ከተማ ይሻላል፣ መብራት አለው» የሚል ልጅ ሲነሳ አስቁሜው «ሳይናገር የዋጠው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ክፍሉን እጠይቃለሁ። መልሱ «መብራት ያለበት ቦታ ሁሉ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ነው» መሆን አለበት። አንድ ቀን ይህንኑ ከአፋቸው ለማውጣት ስታገል ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ የዋጠውማ መብራቱ የሚመጣው ሲፈልግ መሆኑን ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ትክክል ነበረች። እኔ ግን ነጥብ አልሰጠኋትም፤ እንደዚያ ያለ ሰው ነበርኩ።

ታዲያ ሳይነገር የተዋጠ ነገር ምን ያህል ጉድ እንደሚያፈላ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የተማርኩት ከራሴ ቤት ነው፣ ያውም ሚስት ላገባ አንድ ወር ሲቀረኝ።

አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። ያኔ ኩዌት ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል። የሄደችው እናታችንን ሳትሰናበት ነው። «ጃማ፣ ደጎሎ አክስቴ ጋ ሁለት ቀን ሰንብቼ ልምጣ» አለች፣ ጎህ ሲቀድ ወጣች፣ ሁለቱ ቀን አምስት ዓመት ሆነ። እውነቱን ብትናገር እናታችን እንደማትለቃት ታውቃለች። እናቴ ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ አኮረፈች። የእናቴ ኩርፊያ ደግሞ ከለቅሶዋ ይከፋል።

እህቴ በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ወደ ከተማው ስልክ ቤት ትደውልልኛለች። እናቴ የምትኖረው ግን ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ፣ ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ ገጠር ነው። ለስልክ ነይ ስላት «ሳትሰናበተኝ የሄደችን ልጅ በሽቦ ምን እላታለሁ?» ትለኛለች። እህቴም በበኩሏ አፍራ «እማዬን አገናኘኝ» ብላ አታውቅም፤ «ሁሉም ደህና ናቸው?» ብላ ታልፋለች። ገጠር በሄድኩ ቁጥር እናቴ ስለ በሬው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤቱ ስታወራኝ ትቆይና እንደ ዋዛ «ምን አለች?» ትላለች። «ሁሉም ደህና ናቸው ወይ አለች» እላታለሁ። «ሁሉም» ትላለች እናቴ፣ ቃሏን ከምስር መሃል እንደተለቀመች ጠጠር ለይታ። ከዚያ በላይ አትናገርም። እኔ የክርክር መምህሩ በሁለቱ መሃል ስመላለስ ኖሬ አንዳቸውም የዋጡትን አላየሁም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ መናገሩ አሁንም ያሳፍረኛል። እህቴ በሄደች በሁለተኛው ዓመት አባታችን አረፈ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚደግፋት ዘመድ በሌለበት፣ ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ ድስት ስታጥብ «አባትሽ ሞተ» ይባላል? ሽማግሌዎቹ «ስትመጣ ትሰማለች» ብለው ወሰኑ፤ ዋሽቶ የማቆየቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ከአንድ ዓመት በላይ «አባዬ ደህና ነው፣ ገጠር ነው፣ አጨዳ ላይ ነው» ስላት ኖርኩ። በዚህ መሃል ወደ አገር ከምትመለስ ሴት ጋር ኮት ላከችለት። ኮቱ ሲደርስ አባቴ ከሞተ ስምንት ወር አልፎታል። እኔም «ልክክ ብሎለታል» ብዬ ጻፍኩላት። በመጨረሻ ያረዳቻት እዚያው ኩዌት ያለች የደጎሎ ልጅ፣ ጓደኛዋ ናት። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም። ዝም ስላለች ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ታኅሣሥ ገባና የስልኩ ዓርብ ደረሰ። ሰርጌ ለጥር ተቆርጧል፤ እህቴ እንድትመጣ ከልቤ ፈልጌያለሁ። ግን ሙሽራ በገዛ አፉ «ላገባ ነው» ብሎ ሰርጉን አያውጅም፤ ነውር ነው። ያን የሚናገሩት ሽማግሌ ናቸው፣ አጎት ነው፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ጎረቤት ነው። ስልክ ቤቱ ደግሞ በሩ የማይገጥም አንድ ጠባብ ክፍል ስለሆነ፣ ውጭ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው የሁሉን ጉዳይ ይሰማል። ስለዚህ በጨዋ ደንብ ሸፈን አድርጌ ልናገር ወሰንኩ።

«ሁሉም ደህና ናቸው?» አለች እንደ ልማዷ።

«ሁሉም ደህና ነው። ብቻ… ለጥር ብትመጪ ጥሩ ነበር።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ለምን?» አለች።

«ምንም። ምንም የለም። ብቻ ነይ።»

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው እዚህ ላይ ራሱን እንደሚይዝ አውቃለሁ። እኔ ግን አልታወቀኝም፤ እንዲያውም በጨዋነቴ ረክቼ ፈገግ ብዬ ነበር።

«እማዬ ናት፣ አይደል?» አለች ድምጿ ተሰብሮ።

«እማዬ ምን?»

«አገናኘኝ።»

«እሷማ ገጠር ናት።»

«አባዬም ገጠር ነበር።»

ይህኔ ነው የገባኝ። «እናታችን አልሞተችም!» እያልኩ መሃላ ጀመርኩ፤ በማርያም፣ በቅዱስ ሚካኤል፣ በአባቴ አጥንት። «ያኔም ምለሃል» አለችኝ። «ጤነኛ ናት፣ ብቅል እያሰጣች ነው!» አልኳት። «ኮቱም ልክክ ብሎለት ነበር» አለች።

ሲጨንቀኝ ነውሩን ጣልኩና «ላገባ ነው! የምጠራሽ ለሰርጌ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አግዳሚው ሁሉ ሰማ። ከዚያ በዚህስ ረታኋት ብዬ «እናቱ በሞተች በወሩ የሚያገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላየሁም» አለች እያለቀሰች። «ስለዚህ ሰርጉም ውሸት ነው።»

መስመሩ ተቆረጠ። ከክፍሉ ስወጣ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ተነስተው ቆመዋል። የሰሙት የእኔን ወገን ብቻ ነው፤ «አልሞተችም! እናታችን አልሞተችም!» እያለ የሚጮህ ጎልማሳ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው እጄን ያዙና «አላህ ያጥናህ ልጄ» አሉኝ። «አባቴ፣ ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «ይሁን፣ ይሁን» አሉ እጄን እየደባበሱ፣ «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

እቤት ገብቼ ነገሩን እንደ ክበቡ ጥያቄ በወረቀት አሰፈርኩት። ሰው ሲሞት «ደህና ነው» ይባላል። እናቴ «ደህና ናት» ተባለች። ስለዚህ እናቴ ሞታለች። ተማሪ እንዲህ ቢለኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ፤ ደህና የሆነ ሰውም «ደህና ነው» ይባላልና። ወረቀቱን ደጋግሜ ሳየው ግን ዜሮው የሚገባው ለእኔ ሆኖ አገኘሁት። ያን ያልተባለ ነገር እህቴ ልብ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ በየወሩ፣ በገዛ አፌ። «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ገድዬባታለሁ፤ አሁን ለሕያው ሰው ላውለው ብል እንዴት ትመነኝ? መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቴን ድምፅ ማሰማት። እናቴ ደግሞ አኩርፋለች።

ሰሞኑን ፈተና ስለነበር ገጠር የሄድኩት በሳምንቱ ቅዳሜ ነው። እናቴ ደጃፏ ላይ ለሰርጌ ጠላ የሚሆነውን ብቅል ሰሌን ላይ ታሰጣለች። አጠገቧ ጎረቤታችን ተቀምጣለች፤ ሙስሊም ናትና ብቅሉን ባትነካውም ዶሮ ታባርርላታለች። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ሳይለያዩ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ እናቴ «አልሀምዱሊላህ» ስትል እሷ «በማርያም» ትላለች፣ ማን ከማን እንደወሰደው እነሱም አያውቁትም።

መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት። ለሕያው ሰው «ልጅሽ ሞተሻል ብላ እያለቀሰች ነው» ብሎ መንገር ሟርት ነው። ምክንያቱን ሳልነግራት ወደ ከተማ ልወስዳት፣ ስልኩን አስይዣት ልገላገል ቆረጥኩ።

«እማዬ፣ እስቲ ነገ ወደ ከተማ እንሂድ» አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

«ለምን?»

«ምንም የለም። ብቻ ነይ።»

ሰው እንዴት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል? እኔ ገባሁ። እናቴ እጇን ከብቅሉ አነሳችና አየችኝ፤ ባልተጠበቀ ቀን፣ ስኳር እንኳ ሳይዝ፣ ፊቱ ጠቁሮ የመጣ ልጇን። «በልተሃል?» ነው ያለችኝ። ገብታ ምሳ አቀረበች። ስበላ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ጎረቤታችን ልታስታጥበኝ ጎንበስ ስትል በሹክሹክታ «ወላሂ እውነቱን ንገረኝ፤ ማን ነው?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም። ሁሉም ደህና ነው።»

«ያ ረቢ!» አለችና ማስታጠቢያው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

ይህን ጊዜ ከተረተሩ በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ።

እህቴ ለካ ኩዌት ላይ ለቅሶ ተቀምጣለች። ለደጎሎዋ ጓደኛዋ ነገረቻት፤ ጓደኛዋ ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ አክስቴን ልታስተዛዝን ሄደች። አክስቴ ደግሞ ምንም አልሰማች። «የገዛ እህቴን ሞት ከኩዌት ልስማ? ደበቁኝ!» ብላ ዘመዱን አስከትላ ተነሳች፤ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በበቅሎና በእግር መጥተው ይኸው ደረሱ። ለቀስተኛ ለቤቱ ሲቀርብ ድምፁን ከፍ ማድረግ ደንብ ነው፤ እነሱም ደንቡን ጠበቁ። ቃሉ ከሩቅ አይለይም። የአክስቴን ድምፅ ግን እናቴ ወዲያው ለየችው።

«ልጄ!» አለች። «ኩዌት ያለችው ልጄ! ለዚህ ነው የመጣኸው አንተ!» ነጠላዋን መሬት ጥላ ሮጠች። ጎረቤታችንም ደረቷን እየመታች ተከተለቻት። እኔ በቅባት እጄ ከኋላ እሮጣለሁ።

ሁለቱ እህትማማቾች ከማሳው ጫፍ ላይ ተገናኝተው ተቃቀፉ። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች እናቴ። «እህቴን! እህቴን!» ትላለች አክስቴ፣ ዓይኗን ጨፍና። አብረዋት የመጡት ያለቅሳሉ፣ ጎረቤታችን ታለቅሳለች፣ ከየቤቱ የወጣውም ሰው ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ተቀላቀለ። እኔ መሃላቸው ገብቼ «ማንም አልሞተም!» ብል ማን ይሰማኛል? ሐዘን ያሳበደው ልጅ ነኝ። እንዲያውም አንድ ጎበዝ ራሴን እንዳልጎዳ ብሎ ወገቤን ጥርቅም አድርጎ ይዞኛል።

መጀመሪያ ዝም ያለችው አክስቴ ናት። እናቴን በሁለት እጇ ይዛ ከራሷ አራቅ አደረገቻትና ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ እያነባች። «ማን መሰልኩሽ?»

«ለአንቺ እኮ ነው የማለቅሰው!»

«ለእኔ?» እናቴ ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። «እኔ ምን ሆኜ?»

ጎረቤታችን ናት የጀመረችው። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ መግቻ አልነበረውም። ወገቤን የያዘኝ ጎበዝ ለቀቀኝ። ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው ሁሉ ነገሩ እንደ አዲስ ይተረካል፤ እያንዳንዱ ወደ እናቴ ሄዶ ይስማታል። አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ ስመዋት ካበቁ በኋላ ፊቷን በመዳፋቸው ይዘው «ግን እውነት ደህና ነሽ?» አሏት። ለሐዘኑ የመጣውን ዳቦና ንፍሮ ሟቿ ራሷ አከፋፈለች፤ ንፍሮውን ቀምሳ ጨው አንሶታል ብላም አማች።

እናቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም። ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ወደ አክስቴ ዞረችና «ለመሆኑ ምን ብለሽ አለቀስሽልኝ?» አለቻት። አክስቴ በአካባቢው የታወቀች አልቃሽ ናት። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ሕያው ፊት ሙሾ አይወረድም ብላ። እናቴ ለቀቅ አላደረገቻትም። በመጨረሻ አክስቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፦

«እህቴ እህቴ የገብስ አውድማ፣
ማን ይቀበለኝ ስመጣ ከጃማ።»

«አውድማ?» አለች እናቴ። «ባገሩ ስንት ነገር ሞልቶ አውድማ አደረግሽኝ?»

«ቤትሽ ጥጋብ ነው ማለቴ ነው!»

«ይሁን። ቀጥዪ።»

«ቁጣ የማታውቅ፣ ማር አንደበቷ፣
ዛሬ ዝም አለኝ የእህቴ ቤቷ።»

ሁሉም አቀረቀረ። አንዱ አሳለው። ጎረቤታችን ግን አልቻለችም፤ «ወላሂ ይሄስ ስለ ሌላ ሰው ነው!» ብላ ፈነዳች። እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና፣ ብትቆጣ ሙሾውን ልታፈርሰው መሆኑ ትዝ ብሏት መልሳ ዘጋችው። በሕይወቴ እናቴን ክርክር ላይ የረታት ያ ሙሾ ብቻ ነው።

ሳቁ በረድ ሲል አክስቴ ፊቷ ተለወጠ። «እኛስ እንስቃለን» አለች፣ «ያቺ ልጅ ግን ይኸው ሳምንቷ። እህል አልቀምስ ብላለች አሉ። ጸጉሯንም ተላጭታለች።»

እናቴ ንፍሮውን አስቀመጠች። «ማን?»

«ልጅሽ ናታ። ኩዌት።»

«ለእኔ? ጸጉሯን ለእኔ ተላጨች?»

«ለአንቺ እንጂ ለማን ትላጭ?»

«እኔ እኮ ረስታኛለች ብዬ» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ረስታሻለች ብሎ የነገረሽ ማን ነው?» አልኳት።

«ማን ይነግረኛል?» አለችኝ ተቆጥታ። «ማንም አልነገረኝም!» ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ «በቅሎዋ ነገ በጠዋት ትጫን» አለች። አምስት ዓመት ሙሉ ተለምና እምቢ ያለች ሴት ናት።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ቤቱ ነበርን። አክስቴ የጓደኛይቱን ቁጥር ይዛ መጥታ ስለነበር በዚያ ደወልን፤ ጓደኛዋ ጸጉር ቤት ትሠራለች፣ እዚያ ስልክ አለ። «አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ደውሉ፤ አሠሪዋን አስፈቅጄ አመጣታለሁ» አለች። ያን አንድ ሰዓት እናቴ አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሁሉ «ልጄ እኔን ሞታለች ብላ ነው እኮ፣ ጸጉሯን ተላጭታ!» እያለች ስትነግር ቆየች። የምትነግረው በኩራት ነው። ገቢውም ወጪውም «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ይላታል፣ እሷም «አልሀምዱሊላህ» ትላለች።

ተራችን ሲደርስ ገብታ መነጋገሪያውን ያዘችና ስልክ ባይኖርም ኩዌት ሊያሰማ በሚችል ድምፅ «ሃሎ!» አለች። የእህቴን ቃል መስማት አልችልም፤ የእናቴን መልስ ግን መላው ስልክ ቤት ይሰማል።

«እኔ ነኝ! እናትሽ! … አክስትሽ አይደለሁም! … ድምፃችንማ ይመሳሰላል፣ እህቴ አይደለች እንዴ? … አልሞትኩም እኮ ነው የምልሽ! … በሚካኤል! … ማን ነው የሚያስመስል? አንቺ ልጅ፣ ሞቼ ቢሆን እንዲህ እቆጣሽ ነበር?»

እንደ እኔው መማል ጀመረች፣ እንደ እኔውም አልታመነችም። ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴን ተራራ አስወርጄ፣ በበቅሎ ጭኜ፣ ስልክ አስይዤ፣ አሁንም ለእህቴ ሙት ናት። ሰው ሕያው መሆኑን በምን ያስረዳል? ዘመኔን ሁሉ ያስተማርኩት ክርክር አንድ ቃል አላቀበለኝም።

እናቴ በሩን ልትዘጋው ሳበችው፣ አልገጥም አላት። ጀርባዋን ሰጠችንና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ያን ዓይነት ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ስሚ» አለች። «የሄድሽ ዕለት ተኝቼ አልነበረም። አምስት ጊዜ ከበር ተመለስሽ። ደጎሎ የሚሄድ ሰው አምስት ጊዜ አይመለስም። የራስሽን ነጠላ ትተሽ የእኔን ከማገሩ ላይ አውርደሽ ለበስሽ። አይቼሻለሁ። ብነሳ እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ ብትቀሪ ደግሞ የምሰጥሽ አልነበረኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ትስመኛለች ብዬ ጠበቅኩሽ። ሳትስሚኝ ወጣሽ።»

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እኔም አላውቅም፣ አባቴም ሳያውቀው ሞተ። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ያን ሁሉ ዘመን ኩርፊያ ብዬ ስጠራው የነበረው ነገር ሌላ ነገር ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ታዳምጣለች። ብዙ አዳመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከጀርባዋ አይታወቅም። ስልኩን ሰቅላ ስትወጣ ሁለቱንም ነበር።

«አመነችሽ?» አልኳት።

«የተኛሽ መስሎኝ ነው፣ እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው ሳልስምሽ የወጣሁት አለችኝ።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለጥር ትመጣለች።»

«ነጠላውስ?»

«አለኝ አለች። ሽታሽ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ይኸው አምስት ዓመት አላጠብኩትም አለች።» በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «እስክትመጪ እንዳታጥቢው አልኳት።»